ከሮተርዳም እስከ ደቀምሓረ፦ የኔዘርላንድ ማሪኖች ጦር ሰፈር ታሪክ

ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ብዙዎቻችሁ በየቀኑ በአጠገቡ የምታልፉት ነገር ግን ልብ የማትሉት አንድ ቦታ ታሪክ ነው። ሮተርዳም የምትኖሩ ወገኖቻችን ክራሊንገን የሚባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ። በዚያ በምሥራቅ በኩል፣ ቶፓድ በተባለው ጎዳና ላይ የታጠረ ግቢ አለ። ወጣቶች ከባድ ሻንጣ ተሸክመው ሲሮጡ ይታያሉ። ይህ ግቢ የቫን ጌንት ጦር ሰፈር ይባላል። ሆላንዶች «ኼንት» ነው የሚሉት፤ ጉሮሮ ውስጥ የሚነገረውን ድምፅ እዚህ አገር ቋንቋ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የኔዘርላንድ ማሪን የሚሆን ወታደር ሁሉ ወታደርነትን የሚጀምረው በዚህ ግቢ ነው። ከነዚህ ማሪኖች መካከል የሚመረጡት ደግሞ የአገሪቱን ልዩ ኃይል ይሞላሉ።

ለመሆኑ የሆላንድ ጦር ሰፈር ታሪክ ለኛ ምን ያደርግልናል የምትሉ ትኖራላችሁ። ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው፣ ከዚህ ግቢ ወጥተው እኛ ዘንድ ድረስ የመጡ ወታደሮች አሉ፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ቆመው የነበሩ ናቸው፤ እሱ ላይ እንደርሳለን። ሁለተኛው «ልዩ ኃይል» የሚለው ቃል ራሱ ነው። እኛ አገር ይህ ቃል ሲነሳ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የክልል ልዩ ኃይል ነው። በሶማሌ ክልል ልዩ ፖሊስ ተብሎ ተጀመረ፣ ቀስ በቀስ ሌሎቹም ክልሎች አቋቋሙ፣ በመጋቢት 2015 ዓ.ም የፌዴራሉ መንግሥት እነዚህን ኃይሎች ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ አስገባለሁ ብሎ አወጀ። ከዚያ በኋላ በአማራ ክልል የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሌላው ዓለም ግን ልዩ ኃይል ማለት በቁጥር ጥቂት፣ በሥልጠና እጅግ የከበደ፣ ለተለየ ግዳጅ ብቻ የሚላክ ክፍል ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ለየቅል ነው። ይህንን ልዩነት ይዘን እንሂድ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰፈሩ ስሙን የወሰደው ከቪለም ዮሴፍ ቫን ጌንት ነው። ይህ ሰው የመጀመሪያው የማሪን ክፍለ ጦር አዛዥ ነበር። ክፍለ ጦሩ የተቋቋመው ታኅሣሥ 10 ቀን 1665 ነው። ልብ በሉ፣ በዚያን ጊዜ ጎንደር ላይ ዙፋን ላይ የነበሩት አፄ ፋሲል ናቸው። ሆላንድ ያን ጊዜ ከእንግሊዝ ጋር የባሕር ጦርነት ላይ ነበረች። የመንግሥቱ ዋና ሰው ዮሃን ደ ዊትና አድሚራሉ ሚኪኤል ደ ራይተር አንድ ነገር ተረዱ፦ ከየመንደሩ የተለቀመ እግረኛ ወታደር መርከብ ላይ ሲወጣ ባሕሩ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ መተኮስም አይችልም። ስለዚህ በመርከብ ላይ መዋጋትንም፣ ከመርከብ ወርዶ በየብስ መዋጋትንም የለመደ ቋሚ ጦር ያስፈልጋል ተባለ። ማሪን ማለት ይኸው ነው፤ ከባሕር የሚወርድ እግረኛ።

ሁለት ዓመት አልቆየም። በሰኔ 1667 የሆላንድ መርከቦች ወደ እንግሊዝ ወንዝ ወደ ሜድዌይ ገቡ። ወደ ላይ የወጣውን ክፍል የመራው ይኸው ቫን ጌንት ነበር። ማሪኖቹ ሺርነስ ላይ ያለውን ምሽግ ያዙ፣ ወንዙን የዘጋው ሰንሰለት ተበጠሰ፣ የእንግሊዝ መርከቦች ነደዱ። ሮያል ቻርልስ የተባለችውን ታላቋን የንጉሥ መርከብ ደግሞ እየጎተቱ ወደ አገራቸው ወሰዷት። አምስተርዳም ላለን ሰዎች ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። የዚያች መርከብ የኋላ ጌጥ፣ አንበሳና ባለ አንድ ቀንዱ ፈረስ የተቀረጸበት እንጨት፣ ዛሬም በራይክስ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ የሬምብራንትን ሥዕል ካሳየሁ በኋላ ወደዚያ እንጨት እወስደዋለሁ። ሰው የጠላቱን መርከብ ጌጥ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አንጠልጥሎ ማቆየቱ ያስገርማል። ቫን ጌንት ራሱ ብዙ አልኖረም፤ በ1672 በሶልቤይ የባሕር ውጊያ ወደቀ።

ይህ ጦር ከዚያ በኋላ ያደረገው ሁሉ ግን በሙዚየም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አይደለም። መሪ ቃሉ በላቲን «ዓለም እስከተዘረጋችበት ድረስ» የሚል ነው። ዓለም የተዘረጋችው ደግሞ በቅኝ ግዛትም በኩል ነው። ማሪኖች በሱሪናም፣ በአቼ፣ በሌሎችም የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ክፍሎች ተዋግተዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም አሜሪካ ውስጥ የሠለጠነ አንድ የማሪን ብርጌድ ወደ ምሥራቅ ጃቫ ተላከ፤ ኢንዶኔዥያውያን ነጻነታችንን አውጀናል ባሉበት ጊዜ ማለት ነው። በየካቲት 2022 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት፣ የኔዘርላንድ ጦር በዚያ ከ1945 እስከ 1949 በነበረው ጦርነት ከልክ ያለፈ ኃይል በስፋት ተጠቅሟል ብሎ ደመደመ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማርክ ሩተ በዚያው ቀን ይቅርታ ጠየቁ።

ወደ ሮተርዳም እንመለስ። በድሮው ጊዜ የማሪኖቹ ሰፈር ቶፓድ ላይ አልነበረም። ከመሃል ከተማው ወደ ምሥራቅ፣ ኦስትፕሌን በሚባለው አደባባይ ነበር። ዛሬ የምድር ባቡር የሚቆምበት ነው። ግንቦት 10 ቀን 1940 ንጋት ላይ የጀርመን የባሕር አውሮፕላኖች በከተማው መሃል በማስ ወንዝ ላይ አረፉ፤ ከውስጣቸው የወጡት ወታደሮች ድልድዮቹን ያዙ። ሌሎች ደግሞ በፓራሹት ከወንዙ ደቡብ፣ በፌይኖርድ ስታዲየም በኩል ወረዱ። በሰሜኑ ዳርቻ ተሯሩጠው ከደረሱት መካከል ማሪኖቹ ነበሩ። ብዙዎቹ ሥልጠናቸውን ገና ያልጨረሱ ልጆች ናቸው። አራት ቀን ሙሉ ጀርመኖች ድልድዩን አልፈው ወደ ሰሜን ከተማ መግባት አቃታቸው። ጀርመኖቹ ከጥቁር ሰማያዊ የደንብ ልብሳቸው የተነሳ «ጥቁር ሰይጣኖች» ብለው ጠሯቸው ይባላል። አፈ ታሪክ ቢጤም አለበት፤ ማሪኖቹ ግን ስሙን ወደውት ይዘውታል።

ግንቦት 14 ከሰዓት በኋላ የጀርመን ቦምብ ጣዮች መጡ። ድብደባው ሩብ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። የከተማው እምብርት ነደደ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 80,000 የሚጠጋ ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። የኦስትፕሌኑ ጦር ሰፈርም አብሮ ወደመ። በማግስቱ አገሪቱ እጇን ሰጠች። ሮተርዳም ለምን እንደ አምስተርዳም አሮጌ ቤትና ጠባብ ቦይ እንደሌላት የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ማሪኖቹ መኖሪያቸውን በቶፓድ አደረጉ። ከተማዋና ማሪኖቹ ግን ከዚያች ሳምንት ወዲህ አይለያዩም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 10 ልደታቸውን ሲያከብሩ ሮተርዳም እንደ ራሷ በዓል ታየዋለች።

በነገራችን ላይ፣ ኔዘርላንድ ሌላም ልዩ ኃይል አላት፤ የምድር ጦሩ ኮማንዶ። የነሱ ሰፈር ከሮተርዳም በስተደቡብ፣ ወደ ቤልጅየም ስትሄዱ ሮሰንዳል ላይ ነው። መነሻቸው በ1942 ስኮትላንድ ውስጥ በእንግሊዞች የሠለጠኑ የሆላንድ ስደተኛ ወታደሮች ናቸው። አረንጓዴ ቆባቸውም የመጣው ከዚያ ነው። በስደት የተወለደ ጦር መሆኑን ብቻ ያዙልኝና ልለፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። መጋቢት 21 ቀን 1951 ኮታ ኢንተን የምትባል መርከብ ሮተርዳም ሎይድካደ ወደብ ላይ ቆመች። ከውስጧ የወረዱት ሞሉካውያን ናቸው። ሰዎቹ በኢንዶኔዥያ ለሆላንድ ቅኝ ጦር የተዋጉ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ እነዚህ ወታደሮች ከሁለት ያጡ ሆኑ። የኢንዶኔዥያ መንግሥት በጥርጣሬ ያያቸዋል፤ በትውልድ ደሴቶቻቸው የታወጀችው የደቡብ ሞሉካ ሪፐብሊክ ደግሞ በጦር ተደፈቀች። ኔዘርላንድ «ለጊዜው» ብላ አመጣቻቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ በተከታታይ መርከቦች 12,500 ያህል ሰው መጣ። እዚህ ሲደርሱ የጠበቃቸው ወረቀት ከሠራዊቱ የተሰናበቱ መሆናቸውን የሚገልጽ ነበር። ማዕረጉም፣ ደመወዙም፣ ክብሩም በአንድ ወረቀት ሄደ። ያረፉባቸው ካምፖችም ቢሆኑ የተመረጡ አልነበሩም። ሁለቱ፣ ቬስተርቦርክና ፉኽት፣ ናዚዎች አይሁዶችንና እስረኞችን ያጎሩባቸው ነበሩ።

ወታደር ስታሰናብት ጠመንጃውን ትቀበለዋለህ፤ ውለታውን ግን አትቀበለውም። አባቶቹ በትዕግሥት ጠበቁ፤ ወደ አገራችን ትመልሱናላችሁ ብለው ሻንጣቸውን ሳይፈቱ የከረሙ አሉ። በካምፕ ተወልደው ያደጉት ልጆቻቸው ግን መጠበቅ ሰለቻቸው። እኛም የምናውቀው ነገር ነው። በ1983 ዓ.ም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የኢትዮጵያ ሠራዊት ሲበተን ጎዳና ላይ ለልመና የወጣውን መቶ አለቃና ሻምበል ያየ ሰው፣ የሞሉካዎቹን አባቶች ፊት ለማሰብ አይቸገርም።

በዚህ መሃል ሌላ ነገር መጣ። በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የእስራኤል ስፖርተኞች ታግተው ሲገደሉ፣ የአውሮፓ መንግሥታት ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመን ማን አለን ብለው ደነገጡ። ኔዘርላንድ ወደ ማሪኖቿ ዞረች። በቅርብ ርቀት የሚዋጋ ልዩ የእርዳታ ክፍል ተቋቋመ፤ በሆላንድኛ ምህጻሩ ቤቤኤ ይባላል። ፈተናው አልዘገየም። በመስከረም 1974 የጃፓን ቀይ ጦር አባላት ዘ ሄግ የሚገኘውን የፈረንሳይ ኤምባሲ ያዙ፤ አምባሳደሩንም አገቱ። ያ በድርድር አለቀ፤ ታጣቂዎቹ በአውሮፕላን ወደ ደማስቆ ሄዱ። በቀጣዩ ወር እዚያው ዘ ሄግ፣ ስኬቨኒንገን እስር ቤት ጸሎት ቤት ውስጥ እስረኞች መዘምራንን አገቱ። በዚህ ጊዜ ማሪኖቹ ገቡ፤ ማንም ሳይሞት ታጋቾቹን አስለቀቁ።

ቀጥሎ የመጡት የሞሉካዎቹ ልጆች ናቸው። በታኅሣሥ 1975 ቬይስተር አጠገብ ባቡር ያዙ፣ በዚያው ሰሞን አምስተርዳም ያለውን የኢንዶኔዥያ ቆንስላ ያዙ። በግንቦት 1977 ደግሞ ደ ፑንት በተባለ ቦታ ሌላ ባቡር፣ በቦቨንስሚልደ መንደር ደግሞ አንድ መቶ አምስት ሕፃናት ያሉበት ትምህርት ቤት በአንድ ቀን ተያዙ። ሕፃናቱ ከጥቂት ቀን በኋላ ተለቀቁ። ባቡሩ ግን ሃያ ቀን ቆመ። ሰኔ 11 ንጋት ላይ ተዋጊ ጄቶች ባቡሩን ሊነኩት እስኪቀርቡ ዝቅ ብለው በረሩ፤ ታጋቾቹ ደንግጠው መሬት እንዲተኙ ነው። በዚያ ጩኸት መሃል ማሪኖቹ ተኩሰው ገቡ። ከዘጠኙ አጋቾች ስድስቱ ተገደሉ፤ ሁለት ታጋቾችም በተኩሱ ሞቱ።

አስቡት እንግዲህ። ከባቡሩ ውጭ ያለው የሆላንድ ማሪን ነው። ከባቡሩ ውስጥ ያለው ደግሞ ለሆላንድ የተዋጋ ወታደር ልጅ ነው። አባቶቻቸው በአንድ ባንዲራ ሥር ቆመው ሊሆን ይችላል።

ነገሩ በዚያ ቀን አልተዘጋም። እጃቸውን ለመስጠት የቻሉ ወይም የቆሰሉ አጋቾች ሆን ተብሎ ተገድለዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ለአርባ ዓመት ተብላላ። በ2014 መንግሥት የሰነድ ምርመራ አስደርጎ የመግደል ትእዛዝ አልነበረም የሚል ውጤት ለፓርላማ አቀረበ። የሟች ቤተሰቦች አልተቀበሉትም፤ መንግሥትን ከሰሱ። የዘ ሄግ ፍርድ ቤት ማሪኖችን ጠርቶ ምስክርነታቸውን ሰማ፣ በ2018 ለመንግሥት ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2021 አጸናው። ቤተሰቦቹ ተረቱ። ነገር ግን በዓለም ላይ ስንት አገር ነው የልዩ ኃይል ወታደር ከአርባ ዓመት በኋላ ዳኛ ፊት ቆሞ «ለምን ተኮስክ?» ተብሎ የሚጠየቀው? ፍርዱን መውደድም አለመውደድም ይቻላል። ጥያቄው ግን በአደባባይ ተጠየቀ፤ መልሱም በመዝገብ ላይ ሰፈረ።

ቤቤኤ ከዚያ በኋላም ቆየ። ቴዎ ቫን ጎኽ የተባለው የፊልም ሠሪ በኅዳር 2004 አምስተርዳም ጎዳና ላይ ከተገደለ ከስምንት ቀን በኋላ፣ ዘ ሄግ ላክ ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት በፖሊስ ተከበበ። ከውስጥ የእጅ ቦምብ ተወረወረ፣ ፖሊሶች ቆሰሉ። ቀኑን ሙሉ ተጠብቆ ነገሩን የጨረሱት ማሪኖቹ ናቸው። ሁለት ተጠርጣሪዎች በሕይወት ተያዙ። በ2006 ይህ ሥራ የፖሊስና የወታደር ልዩ ክፍሎችን በአንድነት በያዘ አዲስ መዋቅር ሥር ገባ። አገር ውስጥ ሲሰማሩ ፈቃዱ የሚመጣው ከፍትሕ ሚኒስትሩ ነው። ጄኔራሉ በራሱ ፈቃድ ከተማ ውስጥ አያሰማራቸውም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከ1998 እስከ 2000 በባድመ፣ በጾረናና በቡሬ ግንባር ስንት ወጣት እንደረገፈ ለናንተ አልናገርም። ተኩስ አቁሙ በሰኔ 2000 ተፈረመ፣ የአልጀርሱ ስምምነት በታኅሣሥ 12። በሁለቱ አገሮች መካከል 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጠና ተሠመረ፤ የተባበሩት መንግሥታትም እስከ 4,200 የሚደርስ ሰላም አስከባሪ እንዲልክ ተፈቀደ። ዩንሚ ብለን የምንጠራው ነው። የመጀመሪያው የጦር አዛዥ ማን ነበር? ሜጀር ጄኔራል ፓትሪክ ካማርት፣ የኔዘርላንድ ማሪን። በመካከለኛው ግንባር የተሰማራው ሻለቃም የኔዘርላንድ ማሪኖች ከካናዳ ወታደሮች ጋር ሆነው የሠሩት ነው። መቀመጫቸው ደቀምሓረ ነበር።

ይህ ውሳኔ ዘ ሄግ ፓርላማ ውስጥ ቀላል አልነበረም። የኔዘርላንድ ወታደሮች በ1995 ስሬብሬኒጻ ላይ ቆመው ሳለ በሺዎች የሚቆጠሩ ቦስኒያውያን ከፊታቸው ተወስደው ተገደሉ። ያ ቁስል ገና አልደረቀም። በዚያው በ2000 ዓመት ነበር ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አንቀጽ 100 የገባው፤ መንግሥት ወታደር ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት ለፓርላማ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ። ስለዚህ የምክር ቤት አባላቱ ጠየቁ፦ ጦርነቱ ቢያገረሽ ልጆቻችን እንዴት ይወጣሉ? መንገዱ የት ነው? ማን ያወጣቸዋል? ለስንት ጊዜ ነው? መልሱ ስድስት ወር ሆነ። በታኅሣሥ 2000 ገደማ ገቡ፣ በሰኔ 2001 ወጡ። ቦታቸውን የሕንድ ወታደሮች ተረከቡ። ካማርት ግን እስከ 2002 ቆዩ።

እኔን የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ስለዚያ ጦርነት የኛ ምክር ቤት ውስጥ ስንት ሰው ተነስቶ «ልጆቻችን እንዴት ይወጣሉ?» ብሎ ጠየቀ? በመካከላችን ሊቆሙ ለመጡት ፈረንጆች መውጫ መንገድ በካርታ ላይ ተሠርቶላቸው ነበር። በሁለቱም ወገን ምሽግ ውስጥ ለነበረው ገበሬ ልጅ ግን አልነበረም።

ታሪኩ ወደ ዘ ሄግ ተመልሶ ይመጣል። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን ይፋ ያደረገው ሚያዝያ 13 ቀን 2002 በዚህችው ከተማ ነው። መዝገቡን የያዘው በሰላም ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ነበር። ባድመ ለኤርትራ ተወሰነች። ዩንሚ በ2008 ጠቅልሎ ወጣ፤ አዲስ አበባ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለችው በ2018 ነው። ከሰላም ቤተ መንግሥቱ እስከ ቶፓድ ጦር ሰፈር በባቡርና በትራም ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም።

በመጨረሻ ስለ ሰፈር የቅርብ ጊዜውን ወግ ላጫውታችሁ። ማሪኖቹ ከሮተርዳም ሌላ ዋና ሰፈራቸው በዶርን ነው፤ ዩትሬክት አጠገብ ያለ የጫካ ከተማ። ሰፈሩ አርጅቷል፣ ጠቧል። በ2012 መንግሥት ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወደ ፍሊሲንገን ይዛወራል ብሎ ወሰነ። ዜላንድ ክፍለ ሀገር ደስ አለው፤ ሥራና ሰው ይመጣልኛል ብሎ መሬት አዘጋጀ። ማሪኖቹ ግን አልፈለጉም። የሚስቶቻቸው ሥራ፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት፣ የሚሠለጥኑበት ጫካ ሁሉ ዶርን ዙሪያ ነው። ሰልፍ አልወጡም፣ አላመጹም። መልቀቂያ ጻፉ። በየወሩ የሠለጠነ ሰው እየወጣ ሄደ። በየካቲት 2020 መንግሥት እቅዱን ሰረዘ። ዜላንድ ደግሞ ተናደደች፤ ካሣ ተብሎ ትልቅ የልማት ገንዘብ ተሰጣት። ለማሪኖቹ የታሰበው አዲስ ቦታ አፔልዶርን አጠገብ ያለው ኒው ሚሊገን ካምፕ ሆነ።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም የክልል ልዩ ኃይል አባል የነበረው ልጅ ደግሞ፣ ክፍሉ እንደሚበተን የሰማው ከቴሌቪዥን ዜና ነው የሚሉ ብዙ አሉ። ሚስቱ የት እንደምትኖር፣ ልጁ የት እንደሚማር የጠየቀው ሰው ነበር ወይ? በዚያን ጊዜ ካምፕ ውስጥ የነበራችሁ፣ ወይም ወንድም ወይም ልጅ የነበራችሁ ተከታታዮቻችን ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መስመሩን ክፍት እናደርጋለን፤ ደውሉልንና ራሳችሁ ንገሩን።